ፍላሹ አልቆም ያለ ሽንት ቤት፦ ሮቶአችንን የሚጨርሰውን እንዴት አገኘነው

በፈረቃ ውሃ የሚኖር ሰው ሮቶውን በጣቱ ኳ ኳ አድርጎ ውሃው የት እንደደረሰ ያውቃል። የእኛ ሮቶ 1,000 ሊትር የሚይዝ ነው። ከወጥ ቤቱ ጀርባ የብረት ቆጥ ላይ ተቀምጧል። ልብስ ታጥቦም፣ ምግብ ተሠርቶም፣ ከፈረቃ እስከ ፈረቃ ያደርሰን ነበር። ከጊዜ በኋላ ግን አላደርስ አለ። ተራችን ሳይመጣ ከቧንቧው የሚወጣው አየር ብቻ ሆነ።

እንዲህ ሲሆን በብዙ ቤት መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሰው ነው። ቤት ውስጥ የምታግዘው ልጅ፣ ገላውን ሲታጠብ የሚቆየው ጎረምሳ፣ ሰርቪስ ቤት ያለው ተከራይ። እኛ ሰርቪስ የተከራየችው አራስ ነበረች። የልጅ ጨርቅ በየቀኑ ታጥባለች። እናቴ አፍ አውጥታ ባትናገርም፣ ሮቶው ባዶ በሆነ ቁጥር ዓይኗ ወደዚያ በር መሄድ ጀመረ። ልጅቷም ሳይገባት አልቀረም፤ ጨርቁን የምታጥበው በትንሽ ሳፋ፣ እየቆጠበች፣ እየተሳቀቀች ነበር። ይህን የምጽፈው በዋናነት ለዚህ ነው። ውሃችን ያልቅ የነበረው በሽንት ቤታችን ውስጥ ነው፤ ማንም ሳይነካው፣ ቀንም ሌሊትም። ለመጠገን የፈጀው ገንዘብም ጉልበትም ትንሽ ነው። እባካችሁ ሰው ከመጠርጠራችሁ በፊት የፍላሹን ታንከር ክፈቱ።

ሌላ የቧንቧ ብልሽት ራሱን ያሳብቃል። የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ይታያል። የፈነዳ ቱቦ ግድግዳ ያረጥባል። የሽንት ቤት ታንከር ግን የሚያፈሰው ወደ መቀመጫው ውስጥ ነው፤ ከዚያ ቀጥታ ወደ ፍሳሽ። ወለሉ አይረጥብም፤ የሚሸትም ነገር የለም። በጣም ሲያፈስ ድምፁ ይሰማል። በቀስታ ሲያፈስ ግን ስስ ሆኖ በመቀመጫው የጀርባ ግድግዳ ላይ ይወርዳል፤ መብራት አብርቶ ጎንበስ ያላለ ሰው አያየውም።

ሆኖም ምልክት አለው። አንደኛው፣ ማንም ሳይጠቀም ታንከሩ በየተወሰነ ጊዜ "ሽሽሽ" ብሎ ትንሽ ሞልቶ ዝም ማለቱ ነው። ውሃው ከታች ቀስ እያለ ይጎድላል፣ ተንሳፋፊው ይወርዳል፣ ማስገቢያው ይከፈታል፣ ይሞላል፣ እንደገና ይጎድላል። ይህን ለመስማት ቤቱ ጸጥ ያለበት ሰዓት ያስፈልጋል። ሁለተኛው፣ በመቀመጫው የጀርባ ግድግዳ ላይ ከላይ ወደ ታች የወረደ ቢጫ ወይም ቡናማ መስመር ነው። ሲታጠብ ይጠፋና ተመልሶ ይመጣል፤ ሁልጊዜ የሚወርድ ውሃ የሚተወው ደለል ነውና። ግፊት ሲቀንስ በራሱ የሚነሳ ፓምፕ ያላችሁ ደግሞ ፓምፑን አድምጡ። ሁሉም ተኝቶ ሳለ እየተነሳ የሚጠፋ ከሆነ ውሃ የሆነ ቦታ እየሄደ ነው። ያኔ የሚባክነው መብራትም ጭምር ነው።

ጥርጣሬው ከመጣ ማረጋገጥ ቀላል ነው፤ ምንም መፍታት አያስፈልግም። እኔ የምወደው የሶፍቱን ዘዴ ነው። ሽንት ቤቱን ማንም ሳይጠቀም ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆይ። ከዚያ የመቀመጫውን የጀርባ ግድግዳ፣ ከውሃው በላይ ያለውን፣ በጨርቅ በደንብ አድርቁት። ደረቅ ሶፍት ቁረጡና እዚያው ላይ ለጥፉት። ታንከሩ ጤነኛ ከሆነ ሶፍቱ ደረቅ እንደሆነ ይቆያል። የሚያፈስ ከሆነ ከላይ ጀምሮ በመስመር ይረጥባል። የእኛው ሲረጥብ ዓይኔ እያየ ነበር። መሃል ላይ ቀጭን መስመር ወጣ፣ ወደ ጎን ሰፋ፣ ከዚያ ሶፍቱ በራሱ ተንሸራትቶ ውሃው ውስጥ ገባ። እናቴን ጠርቼ ሁለተኛ ሶፍት ለጠፍኩላት። እሷም ቆማ አየች። ከዚያ ወዲህ ስለ ልጅቷ ልብስ ማጠብ የተነሳ ነገር የለም።

ሌላው ዘዴ ቀለም ነው። ለሰላጣ ቀይ ሥር የተቀቀለበትን ውሃ አትድፉት፤ አቀዝቅዛችሁ ታንከሩ ውስጥ ጨምሩት። ግማሽ ሰዓት ፍላሽ ሳታደርጉ ጠብቁ። መቀመጫው ውስጥ ያለው ውሃ ከቀላ፣ ውሃው ከታንከሩ እየሾለከ ነው። ቀይ ሥር ከሌለ የምግብ ቀለምም ይሆናል።

ቆጣሪ ላይ ማየትም ይቻላል፤ ይህ ግን የሚሠራው ውሃ በቀጥታ ከመስመር ለምትጠቀሙ ነው። ሁሉንም ቧንቧ ዝጉና ቆጣሪው ላይ ያለችውን ትንሽ ተሽከርካሪ ተመልከቱ። የምትዞር ከሆነ የሽንት ቤቱን መዝጊያ፣ ማለትም ከግድግዳው ወጥታ ወደ ታንከሩ የሚገባውን ውሃ የምታቆመውን ትንሽ መዝጊያ፣ ዝጉ። ያኔ ከቆመች ጥፋተኛው ተገኘ። ከሮቶ የሚጠቀም ቤት ግን በዚህ አይታለል። ቆጣሪው የሚዞረው ሮቶው ሲሞላ ነው። ሮቶው ሞልቶ ተንሳፋፊው ከተዘጋ፣ ወይም መስመሩ ላይ ውሃ ከሌለ፣ ቆጣሪው ቀጥ ብሎ ቆሞ ቤት ውስጥ ውሃ ሊፈስ ይችላል።

ምን ያህል እንደሚባክን ማወቅ ከፈለጋችሁ እርሳስ ይበቃል። ወደ ታንከሩ የሚገባውን ውሃ ዝጉ። የታንከሩን ክዳን አንሱና ውሃው የደረሰበት ቦታ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ከ10 ደቂቃ በኋላ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደወረደ ለኩ። የብዙ ታንከር ውስጥ ወደ 35 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና ወደ 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው። ስለዚህ አንድ ሴንቲ ሜትር ሲወርድ ግማሽ ሊትር ገደማ ሄደ ማለት ነው። በ10 ደቂቃ ሁለት ሴንቲ ሜትር ከወረደ አንድ ሊትር ነው። በሰዓት 6 ሊትር፣ በቀን 144 ሊትር። እንግዲህ 1,000 ሊትር ሮቶ አስቡ። ማንም እጁን ሳይታጠብ፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ ሳይቀዳ፣ በሳምንት ውስጥ ባዶ ይሆናል። በወር ደግሞ ከ4 ሜትር ኪዩብ በላይ ነው። አዲስ አበባ ላይ የመኖሪያ ቤት የውሃ ታሪፍ እንደ ፍጆታው እርከን አለው፤ ፍጆታችሁ ሲጨምር የሜትር ኪዩቡ ዋጋም ከፍ ይላል። ስለዚህ በሽንት ቤት የሄደው ውሃ የሌላውንም ውሃ ሂሳብ ይዞ ሊወጣ ይችላል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ሂሳቡ አይደለም። ከለገዳዲ፣ ከድሬ፣ ከገፈርሳና ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚመጣውን ውሃ የምንካፈለው በተራ ነው። ጀሪካን ይዞ ተራ የሚጠብቅ ሰው ባለበት ከተማ ንጹሕ ውሃ ሌሊቱን ሙሉ ወደ ፍሳሽ ሲወርድ ማደሩ ያንገበግባል።

አሁን ወደ ጥገናው። ክዳኑን ስታነሱ የምታዩት ነገር አያስፈራችሁ። ውስጡ ያለው ሁለት ዕቃ ነው። በጎን በኩል የቆመው ውሃ ማስገቢያው ነው። ተንሳፋፊው እሱ ላይ ነው፤ ውሃው ሲሞላ ወደ ላይ ይነሳና ይዘጋዋል። መሃል ላይ የቆመው ደግሞ መልቀቂያው ነው። ቁልፉን ስንጫን ይነሳል፣ ውሃው ወደ መቀመጫው ይወርዳል፣ ከዚያ ተመልሶ ቀዳዳው ላይ ይቀመጣል። ከሥሩ ክብ ጎማ አለው። መልቀቂያው ላይ ቀጥ ያለ ክፍት ቱቦም አለ። ታንከሩ ከልክ በላይ ቢሞላ ውሃው ወለል ላይ እንዳይፈስ በዚያ ቱቦ ወደ መቀመጫው ይወርዳል።

ስለዚህ ውሃ ወደ መቀመጫው የሚያመልጠው በሁለት መንገድ ነው። ወይ ከላይ በትርፍ ውሃ ቱቦው፣ ወይ ከታች በጎማው። የትኛው እንደሆነ ሳታውቁ ዕቃ ለመግዛት አትሂዱ። መለያው የእርሳሱ ምልክት ነው። መዝጊያው ተዘግቶ ውሃው ከወረደ ችግሩ ታች ጎማው ጋ ነው። መዝጊያው ተዘግቶ ውሃው ካልተንቀሳቀሰ፣ ሲከፈት ግን ወጥቶ በቱቦው አፍ የሚገባ ከሆነ ችግሩ ማስገቢያው ነው። ሁለቱም አብረው ሊበላሹም ይችላሉ፤ የእኛ እንደዚያ ነበር።

ከማስገቢያው ልጀምር። ውሃው መቆም ያለበት ከትርፍ ውሃ ቱቦው አፍ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ተንሳፋፊውን ዝቅ አድርጉት። በአዳዲሶቹ ላይ ረዘም ያለ የፕላስቲክ ብሎን አለ፤ እሱን በእጅ ወይም በካቻቪቴ ማዞር ነው። በየትኛው አቅጣጫ ዝቅ እንደሚል ትንሽ አዙራችሁ ፍላሽ በማድረግ ይታወቃል። በአሮጌዎቹ ላይ ኳስ የያዘ የብረት ዘንግ አለ፤ ብሎን ከሌለው ዘንጉን በቀስታ ወደ ታች ጎበጥ ማድረግ ይበቃል። ተንሳፋፊው የታንከሩን ግድግዳ ወይም መልቀቂያውን እየነካ ተይዞ እንዳይሆንም እዩ። ኳሱ ተሰንጥቆ ውሃ ከገባበት ደግሞ አይንሳፈፍም፤ አውጥታችሁ ስትነቀንቁት ውስጡ ይንቦጫረቃል።

ተንሳፋፊው በእጅ ወደ ላይ ተስቦም ውሃው ካልቆመ ብዙ ጊዜ ውስጡ ቆሻሻ ይዟል ማለት ነው። በፈረቃ ለሚኖር ቤት ይህ ዋናው ምክንያት ይመስለኛል። መስመሩ ቀናት ደርቆ ውሃ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያመጣው ደለልና ዝገት ነው። ባልዲ ውስጥ ስንቀዳው ስለምናይ እንደፋዋለን። ታንከሩ ውስጥ የሚገባውን ግን ማንም አያየውም። ማስገቢያው ውስጥ ያለችው ቀዳዳ በጣም ጠባብ ናት፤ የጤፍ ፍሬ የምታክል የዝገት ቅንጣት ትበቃታለች እንዳትዘጋ። እንደ ምክር ከወሰዳችሁት፣ ፈረቃው ሲመጣ የሽንት ቤቱን መዝጊያ ዘግታችሁ ቆዩ። የግቢውን ቧንቧ ቀድማችሁ ክፈቱ፤ ደፍራሹ ወደ አትክልቱ ይሂድ። ውሃው ሲጠራ የሽንት ቤቱን ክፈቱ። ሮቶ ያላችሁም ሥሩ የሚጠራቀመውን ደለል አልፎ አልፎ አስወጡት።

ማስገቢያውን ለማጽዳት መዝጊያውን ዝጉ፣ ፍላሽ አድርጉና ታንከሩን ባዶ አድርጉት። የማስገቢያው ራስ በብዙዎቹ ላይ በእጅ ተይዞ ትንሽ ሲዞር ይወልቃል። ከሥሩ ክብ ስስ ጎማ ታገኛላችሁ። እንዴት እንደተቀመጠ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፤ ይህን አትለፉት፤ ተገልብጦ ከገባ አይሠራም። ጎማውን በውሃ እጠቡት። ከዚያ ማስገቢያው አፍ ላይ ኩባያ ደፍታችሁ በእጃችሁ ያዙና መዝጊያውን ለአፍታ ከፈት ዝግ አድርጉ። ውስጥ ያለው ቆሻሻ ተገፍቶ ይወጣል። ኩባያው ከሌለ ውሃው ጣሪያ ይነካል። ከእኛው የወጣው ቡናማ ደለልና የዝገት ፍርፋሪ ነው፤ በጣቴ ስፈጨው ይሻክር ነበር። ግቢውን የሠሩልን የቧንቧ ባለሙያ መጥተው አይተው "እህቴ፣ ይሄ ዕቃ አልሞተም፤ ቆሻሻ ነው የያዘው" አሉኝ። ከእሳቸው በፊት በስልክ ያማከርኩት ሌላ ሰው ሙሉ መቀመጫው ይቀየር ብሎኝ ነበር፤ ሳያይ።

ባለሙያው ያሳዩኝ ሌላም ነገር አለ። ውሃ ከግድግዳው ወጥቶ ወደ ታንከሩ በሚገባበት ቦታ፣ ፍሌክሲብሉ (የሚተጣጠፈው ማገናኛ ቱቦ) ሲፈታ፣ ትንሽ ወንፊት ልትኖር ትችላለች። ታንከሩ ለመሙላት ብዙ ሰዓት የሚፈጅ ከሆነ የተደፈነችው እሷ ልትሆን ትችላለች። አውጥቶ በጥርስ ብሩሽ ማጠብ ነው። ብዙ ሰው አውጥቶ ይጥላታል፤ አትጣሏት፤ ደለሉን የምትይዝላችሁ እሷ ናት።

ግፊትም የራሱ ጉዳይ አለው። ውሃ በ10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ያህል ግፊት ይሰጣል። ሦስት ሜትር ቆጥ ላይ ያለ ሮቶ እንግዲህ 0.3 ባር ገደማ ነው። ይህ ዝቅተኛ ነው። አንዳንድ ማስገቢያ የተሠራው ለከፍተኛ ግፊት ስለሆነ ከሮቶ ውሃ ጋር ቀስ ብሎ ይሞላል፤ መጨረሻ ላይም በደንብ አይዘጋም። በተቃራኒው ከሮቶም ከመስመርም የሚጠቀም ቤት አለ። ያረጀ ጎማ ከሮቶ የሚመጣውን ይዞ ይቆይና መስመሩ ሌሊት በኃይል ሲመጣ ያቅተዋል። "ቀን ደህና ነው፣ ሌሊት ብቻ ነው የሚጮኸው" የምትሉ ይህን አስቡ። ዕቃ ስትገዙም ውሃችሁ ከሮቶ መሆኑን ለባለሱቁ ንገሩት።

አሁን የታችኛው ጎማ። ከመፍታታችሁ በፊት ግን አንድ ነገር ሞክሩ። ሁለት ቁልፍ ያለው ታንከር ከሆነ፣ ክዳኑን አንስታችሁ ወደ ጎን አስቀምጡና ማፍሰሱ ይቆም እንደሆነ ተመልከቱ። ከቆመ ጎማው ምንም አልሆነም። ከቁልፎቹ ሥር ያሉት ዘንጎች ረዝመው ነው፤ ክዳኑ ሲገጠም መልቀቂያውን ትንሽ ተጭነው ይይዙታል። ዘንጎቹን አዙሮ ማሳጠር ብቻ ነው። ክዳኑ ሲገጠም ቁልፎቹ ከመነካታቸው በፊት ትንሽ ላላ ማለት አለባቸው። የተከራያችን ሽንት ቤት ችግር ይህ ነበር፤ የእኛን ከጨረስን በኋላ የሷንም በሶፍት ስንፈትን ነው ያገኘነው። አንድም ዕቃ አልተገዛም። በሰንሰለት የሚነሳ ጎማ ያለው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ሰንሰለቱን እዩ። በጣም ካጠረ ጎማውን ከፍ አድርጎ ይይዘዋል። በጣም ከረዘመ ተጠቅልሎ ጎማው ሥር ይገባል። አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ላላ ካለ ይበቃዋል።

ዘንጉም ሰንሰለቱም ደህና ከሆኑ መልቀቂያውን ማውጣት ነው። በአብዛኞቹ ላይ የላይኛውን ክፍል ይዞ ሩብ ዙር ያህል ማዞር ይበቃል፤ ቀጭ ብሎ ይለቅና ወደ ላይ ይወጣል። በጉልበት አትጠምዝዙት፤ ፕላስቲክ ነው። ሲወጣ ከሥሩ ያለውን ክብ ጎማ ታያላችሁ። በጣታችሁ ዙሪያውን ዳስሱት። የእኛው ጎማ በአንድ በኩል ለስላሳ ነበር። በሌላው በኩል ደግሞ ጠንካራ ነጭ ቅርፊት ይዞ ነበር፤ በጥፍር ሲነካ ይፈረፈራል። የሚቀመጥበት የፕላስቲክ አፍም ላይ እንደዚሁ። ውሃው የሚያመልጠው በዚያች በኩል ነበር፤ ሶፍቱ ላይ ያየነው መስመር ከዚያ የመጣ ነው።

ቅርፊቱን በቢላ አትፋቁት። ቢላው የሚተወው ጭረት ራሱ ውሃ ያሾልካል። አቼቶ በጨርቅ ነክራችሁ ቅርፊቱ ላይ አድርጉና ጥቂት ቆዩ፤ ይለሰልሳል። ከዚያ በጨርቅ ጥረጉት። አቼቶ ከሌለ ሎሚም ይሠራል። ጎማው ሁለቱም ፊቱ አንድ ዓይነት ከሆነ ገልብጣችሁ መልሱት፤ ያልተነካው ፊት ወደ ታች ይሆናል። ይህ ብቻ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ጎማው ሲታጠፍ ከተሰነጠቀ፣ ከጠነከረ ወይም እጅ ላይ ጥቁር ቀለም ከለቀቀ ግን ጊዜው አልፏል፤ መቀየር አለበት።

ሁለት ምክር በየቤቱ ይሰማል፤ ሁለቱንም አልቀበልም። አንዱ ጎማውን ቫዝሊን ቅቡት የሚለው ነው። ለጊዜው የያዘ ይመስላል። ነገር ግን ቅባቱ ጎማውን ያሳብጠዋል፣ ቅርጹንም ያጠፋዋል። ሌላው በረኪና ወይም የክሎሪን እንክብል ታንከሩ ውስጥ መጨመር ነው። መቀመጫው ነጭ እንደሆነ ይቆያል፤ ጎማው ግን ቀንና ሌሊት ክሎሪን ውስጥ ተዘፍዝፎ ቶሎ ይደርቃል። በረኪናውን መቀመጫው ውስጥ አድርጋችሁ እጠቡበት፤ ታንከሩን ተዉት። የልብስ እጣቢም ለመድፋት ጥሩ ነው፤ ግን በባልዲ ቀጥታ ወደ መቀመጫው። ታንከሩ ውስጥ ከተጨመረ ክሩና ሳሙናው ጎማው ሥር ይጠራቀማል።

ዕቃ መግዛት ካስፈለገ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። ይህን ደግሜ ደጋግሜ እላለሁ። ጎማዎቹ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ ሁለት ሚሊ ሜትር ልዩነት ግን ያፈስሳል። ተክለሃይማኖት አካባቢና መርካቶ የሳኒተሪ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ብዙ ናቸው። "ለሽንት ቤት ታንከር ጎማ" ብላችሁ ባዶ እጃችሁን ከሄዳችሁ ባለሱቁ ሙሉ የውስጥ ዕቃ ነው የሚያወጣላችሁ። እኔ የሄድኩበት ሱቅ ልጁ መጀመሪያ የጠየቀኝ "አሮጌውን ይዘሻል እህቴ?" ብሎ ነው። ካርቶን ሙሉ ጎማ አወረደ፤ አንድ በአንድ እያነባበርን አለካካን። የሚገጥመው ተገኘ። ሁለት ገዛሁ፤ አንዱ መሳቢያ ውስጥ ነው። ጎማው ብቻውን ካልተገኘ ሙሉውን መግዛት ነው። ያኔ የመግቢያውን ስፋት እዩ፤ ብዙ ቤት ግማሽ ኢንች ነው። የታንከራችሁን ቁመትም ለክታችሁ ሂዱ፤ ረጅም መልቀቂያ አጭር ታንከር ውስጥ ክዳን አያስገጥምም። ፒያሳና ካዛንቺስ በነበሩ አሮጌ ቤቶች እንደነበረው ያለ የጥንት ታንከር ካላችሁ አዲስ ሱቅ ላይ ላታገኙ ትችላላችሁ፤ መርካቶ ውስጥ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ምናለሽ ተራ ጠይቁ።

ስትገጥሙ በእጅ ማጥበቅ ይበቃል። ታንከሩ ሸክላ ከሆነ በፒንሳ ከልክ በላይ ሲጠበቅ ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀ ታንከር ደግሞ መጠገኛ የለውም። ፍሌክሲብሉ ጫፉ ላይ የራሱ ጎማ ካለው ቴፍሎን (ውሃ እንዳያሾልክ የሚጠመጠመው ስስ ነጭ ጥቅል) አያስፈልገውም። ጎማ የሌለው የብረት ጥርስ ላይ ግን ቴፍሎኑን ብሎኑ በሚጠብቅበት አቅጣጫ ጠምጥሙ፤ በተቃራኒው ከተጠመጠመ ሲጠብቅ ይተረተራል። ሲያልቅ መዝጊያውን በቀስታ ክፈቱ፣ ታንከሩ ይሙላ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ፍላሽ አድርጉ። ከዚያ ሶፍቱን መልሳችሁ ለጥፉ።

ከግድግዳው የምትወጣው ትንሿ መዝጊያ ግን ጥንቃቄ ትፈልጋለች። ዓመታት ሳትነካ የቆየች ከሆነ ትደርቃለች። አልዞር ካለች አታስገድዷት፤ ብትሰበር ውሃው ቤቱን ይሞላዋል። የሮቶውን ወይም የቤቱን ዋና መዝጊያ ዘግታችሁ ሥሩ፤ እሷን ባለሙያ ይቀይራት። ታንከሩና መቀመጫው በሚገናኙበት ቦታ ውሃ ካያችሁም ባለሙያ ጥሩ። መቀመጫው ሥር ወለሉ ከረጠበም እንደዚያው፤ የዚያ ጎማ ሌላ ነው፣ ታንከሩንም ማውረድ ይጠይቃል። ባለሙያው እስኪመጣ መዝጊያው ተዘግቶ ይቆይ። በባልዲ መጠቀም ይቻላል፤ ውሃው ከፍ ተደርጎ አንዴ በአንዴ ከተደፋ ከፍላሽ ባልተናነሰ ይወስዳል። ቤቱን ዘግታችሁ ክፍለ ሀገር የምትሄዱ ከሆነም ይቺን መዝጊያ ዘግታችሁ ውጡ። በየጥቂት ወሩ ዘጋ ከፈት አድርጓት፤ እንዳትደርቅ።